በአንድ አዳራሽ ሁለት ምርጫ

ከሀቢቾ፣ ግንቦት 2005



የ2005 የአካባቢ ምክር ቤቶችና የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት ምርጫ ውጤት ተነገረ። ሚያዝያ 6 እና 13 ድምፅ የተሰጠባቸው ወንበሮች በአገር ደረጃ ከ3.6 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ከዚህ ሁሉ በወቅቱ ከነበረው ገዢ ፓርቲና ከአጋሮቹ እጅ ያመለጡት በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ከ138 ወንበር 137ቱ የኢሕአዴግ ሆነ። 33 ፓርቲዎች ለምርጫ ቦርድ ያቀረብናቸው ጥያቄዎች አልተመለሱም ብለው ቀድመው ራሳቸውን አግልለዋል።

እኛ በሀቢቾና በዙሪያዋ የምንኖር ሙስሊሞች በዚህ ውጤት አልተገረምንም። ከዚያ ስድስት ወር በፊት፣ መስከረም 27 ቀን 2005፣ የመጅሊስ ምርጫ ነው ተብሎ ሕዝበ ሙስሊሙ የተጠራው ወደ ቀበሌ አዳራሽ ነበር። በሚያዝያም የተጠራው ወደዚያው ነው። በመስከረም ዲናችንን ማን ይምራ ተብለን፣ በሚያዝያ ቀበሌያችንን ማን ያስተዳድር ተብለን። ጥያቄው ሁለት፣ አዳራሹ አንድ፣ መልሱም ሳንጠየቅ የታወቀ። ስለዚህ ስለ ሚያዝያው ውጤት ስንጽፍ ስለ መስከረሙም እየጻፍን ነውና አንባቢ ይታገሠን።

ለመሆኑ 3.6 ሚሊዮን ወንበር ከየት መጣ? ከ2000ው ምርጫ ጀምሮ አንድ ቀበሌ እስከ 300 የሚደርስ የምክር ቤት አባል እንዲኖረው ተደርጎ ነበር። ሒሳቡን እንሥራው። ሺህ አባወራ ባለበት ቀበሌ 300 ተመራጭ ካለ፣ ከሦስት ቤት በአንዱ ተመራጭ አለ ማለት ነው። መራጩና ተመራጩ በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። ታዲያ ማን ማንን ይጠይቃል? ማንስ ማንን ይቆጣጠራል? ይህን ያህል ሰው ለማሰለፍ የቻለው ደግሞ ማዳበሪያውንም፣ ብድሩንም፣ የሴፍቲኔት ስም ዝርዝሩንም በእጁ የያዘው ወገን ብቻ ነው። ሌላው ፓርቲ ገና ዕጩ ፍለጋ ሳይወጣ ጨዋታው አልቋል። በ2000 ምርጫ የፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ ሕብረት ዕጩዎቼ እንዳይመዘገቡ ተከለከሉ ብሎ ከውድድሩ መውጣቱን የእኛ ዞን ሰው አይረሳውም፤ ሰውየው የዚሁ አገር ልጅ ናቸውና።

በአንድ አጎራባች ቀበሌ የሚኖሩ አንድ ወንድማችን ዕጩ መሆናቸውን ያወቁት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ዝርዝር ነው። ሄደው "እኔ መች ጠየቅሁ?" ሲሉ "እርስዎ ሽማግሌ ነዎት፣ ምን ይጎዳዎታል?" ተባሉ። ተመረጡ። ዛሬም በሬያቸውን ጠምደው ያርሳሉ፤ ስብሰባ ሲጠሩ ይሄዳሉ፣ እጅ አውጡ ሲባሉ ያወጣሉ። በእኚህ ሰው ላይ ጣት አንቀስርም። የምንነጋገረው ስለ አሠራሩ ነው።

በመድረሳችን የደረሰውንም እናንሣ። በሚያዝያ ሰሞን የድምፅ መስጫ ወረቀት ሲሰጥ ከእናቱ ጋር ሄዶ ያየ አንድ የ9 ዓመት ልጅ፣ የዕለቱን ሒፍዝ ካሰማ በኋላ "ኡስታዝ፣ ሁሉም ላይ ያለው ንብ ነው፤ ታዲያ እማዬ የቱን ንብ ነው የምትመርጠው?" አለን። ልጆቹ ሳቁ። እኛም ፈገግ ብለን ወደ ተጅዊዱ ተመለስን። የምንመልሰው አጥተን እንጂ ጥያቄው ቀላል ሆኖ አልነበረም።

ምርጫ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሕዝብ አይደለንም። የአካባቢያችንን ዕድር ተመልከቱ። ሙስሊምም፣ ፕሮቴስታንትም፣ ኦርቶዶክስም ያለበት ዕድር ነው። ዳኛው የሚመረጠው ዛፍ ሥር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሁሉ እያየ ነው። ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን ካላወራረደ በዓመቱ ይወርዳል፤ ወርዶም ዕድርተኛ ሆኖ ይቀጥላል፤ ለቅሶ ሲመጣ ድንኳን ይተክላል። ማንም "ፀረ ዕድር" አይለውም። የቃለ ሕይወት ምእመናን ጎረቤቶቻችንም ሽማግሌዎቻቸውን የሚመርጡት በቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ፣ በራሳቸው አባላት ነው። ወደ ቀበሌ አዳራሽ ሄዳችሁ ምረጡ ያላቸው አካል የለም፤ እንዲላቸውም አንመኝም። እኛ መጅሊሳችንን በመስጊዳችን እንምረጥ ስንል ግን አክራሪነት ተባለ፤ በጥር ወርም "ጅሃዳዊ ሐረካት" የሚል ፊልም በቴሌቪዥን ታየብን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። ዕድራችንን የምናምነው፣ ጎረቤታችን ሽማግሌውን የሚያምነው፣ መራጩም ተመራጩም ስለሚተዋወቁና ቆጠራው በዐይን ስለሚታይ ነው። የመስጊድ ምርጫ ጥያቄያችን ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም።

በዲናችንም ቢሆን የሰው ምርጫ ቀላል ነገር አይደለም። ዑመር ረዲየላሁ ዐንሁ በቆሰሉ ጊዜ ጉዳዩን ለስድስት ሰሐቦች ሹራ ተዉት። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ ራሳቸውን ከዕጩነት አውጥተው፣ በመዲና እየዞሩ ሰውን ጠየቁ፤ እንቅልፍ አጥተው ትልቁንም ትንሹንም፣ በቤት ያሉ ሴቶችንም ሳይቀር እንደጠየቁ የታሪክ ኡለሞች ጽፈዋል። በቤት ያለችው ሴት ተጠየቀች፣ ልብ በሉ። እሳቸው ወደ ሰው ደጅ ሄዱ እንጂ ሰውን በዝርዝር ጠርተው በር ላይ አልቆጠሩም። ጀማዓው እየጠላው የሚያሰግድ ኢማምም በሐዲስ መወቀሱን ማንኛውም የመድረሳችን ተማሪ ያውቃል። በቀበሌ ወረቀት የመጣ አመራር የሚቸገረውም እዚህ ላይ ነው፤ ማኅተሙ በእጁ አለ፣ የሰው ልብ ግን ከኋላው አልተሰለፈም።

ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በጥር 2004 በአወሊያ ግቢ ሕዝቡ በአደባባይ 17 የኮሚቴ አባላትን መረጠ። ወረቀትም ሣጥንም አልነበረም። ሦስት ጥያቄ ሰጥቶ ላካቸው፦ አሕባሽ በግድ አይጫንብን፣ መጅሊሳችንን ራሳችን እንምረጥ፣ አወሊያ ከመጅሊሱ ወጥቶ በገለልተኛ ቦርድ ይመራ። የፌዴራል ጉዳዮች ሚኒስቴር ራሱ ተቀብሎ አነጋገራቸው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ታሰሩ፤ በ2005 በፀረ ሽብር ሕጉ ተከሰው ፍርድ ቤት ይመላለሱ ነበር። በመስከረም በሣጥንና በወረቀት የተመረጡት ደግሞ ቢሮ ገቡ። ከሁለቱ የትኛው ተመራጭ እንደሆነ ለመናገር የምርጫ ቦርድ ማኅተም የሚያስፈልገው ሙስሊም እስካሁን አላገኘንም።

በእኛ አገር የአካባቢ ምርጫ በተካሄደበት በዚያው ወር፣ ሚያዝያ 24፣ እንግሊዝም የካውንቲ ምክር ቤቶቿን መርጣለች። የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የዴቪድ ካሜሮን ፓርቲ ከ300 በላይ ወንበር አጣ። በማግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያው ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ ያሸነፉትም ሽብርተኛ አልተባሉም። እንግሊዝን የምናወድስበት ብዙ ምክንያት የለንም፤ የኢራቅን ደም የረሳ ሙስሊም የለም። ይሁንና ያየነውን እንመስክር። በምሥራቅ ለንደን ታወር ሃምሌትስ የሚባል፣ ብዙ የባንግላዴሽ ሙስሊሞች የሚኖሩበት ክፍለ ከተማ አለ። በጥቅምት 2003 ሉትፉር ራህማን የተባለው ሙስሊም ፖለቲከኛ ፓርቲው ሌበር ከዕጩነት ሰርዞት በግሉ ቀርቦ ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ። ፓርቲው ያልፈለገው ሰው ድምፅ ተቆጠረ፣ ተነገረም። በዚያ አገር በአካባቢ ምርጫ ሁለት ተወዳዳሪዎች እኩል ድምፅ ካገኙ በዕጣ ይለያሉ። አንዲት ድምፅ ያን ያህል ትከብዳለች ማለት ነው። እኛ ዘንድ ግን ድምፁ የሚቆጠረው በሚሊዮን ነው፤ አንዷ ብትጎድልም ብትሞላም ለውጥ የላትም።

ሩቅ ሳንሄድ፣ የራሳችን ሀዲያም ይህን አይታ ነበር። በ1992 ምርጫ የሀዲያ ብሔራዊ ዲሞክራሲያዊ ድርጅት ከዚህ ዞን ሦስት የፓርላማ ወንበር አግኝቷል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ነው የመረጠው። ከዚያ ወዲህ ስለመጣው ጣጣ፣ ስለ ማዳበሪያ ዕዳና ስለ ሌላውም፣ ሽማግሌዎቻችን ማታ ማታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩታል። ልጆቻቸው ካርድ ውሰዱ ሲባሉ ሳይከራከሩ የሚወስዱት ያንን ወሬ እየሰሙ ስላደጉ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው የ2005ን ውጤት ሊያነብ አይችልም። 3.6 ሚሊዮኑ ውስጥ ፍቅርም ጥላቻም የለበትም፤ ያለበት የሴፍቲኔት ስንዴ ነው።

አሁን ደግሞ ለመጻፍ ወደሚከብደን ነገር እንምጣ፤ ስለ ራሳችን ነው።

በመስከረም ሕዝበ ሙስሊሙ በቀበሌው ምርጫ እንዳይሳተፍ ጥሪ ሲደረግ ብዙዎቻችን ካርድ አልወሰድንም። የወሰዱም ነበሩ። ከነዚህ አንዱ በመድረሳችን ሁለት ልጆች ያሉት አባት ነው። መሬቱ ጠባብ ነው፤ ከእንሰቱ የሚያገኘው ቆጮ ዓመቱን አያደርሰውም፤ ሴፍቲኔት ውስጥ ነው። ካርድ እንደወሰደ ሲሰማ ሰላምታ የነፈጉት ነበሩ። ሱቅ በር ላይ ሲደርስ ጨዋታ ይቋረጣል። "ከካርድ ወሳጅ ጎን አልሰግድም" ያለ ጎረምሳም አልጠፋ። ከእኛ ከመምህራኑም አንዱ በደርስ መሐል፣ ስም ባይጠራም፣ ልጆቹ ተቀምጠው እየሰሙ "ዲኑን በአንድ ኩንታል ስንዴ የሸጠ" ብሎ ተናገረ። በማግሥቱ ልጆቹ አልመጡም። ለስድስት ሳምንት ሳይመጡ ቀሩ። ትልቁ አምማ ጁዝእን ሊጨርስ ጥቂት ሱራዎች ቀርተውት ነበር።

ቤቱ ሄድን። አልተቆጣንም፣ አልተቆጣንበትምም። ቡና ተፈላ። እሱ የተናገረው ይህን ነበር፦ "ካርዱን ወስጃለሁ። ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደረግሁት ግን የት እንደሆነ አላውቅም፤ እዚህ ጋ አሉኝ፣ እዚያ ጋ አደረግሁ። እናንተ ግን ልጆቼ ፊት ምን አላችሁኝ?" መልስ አልነበረንም። የተናገረው መምህር ተነሥቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ በቀጣዩ ደርስም በልጆቹ ፊት ያንኑ ደገመው።

ይህን የምንጽፈው በሌሎች ከተሞችም ተመሳሳይ ነገር እንዳለ ስለምንሰማ ነው። በሚያዝያው ምርጫ ደግሞ ብሷል፤ ካርድ የወሰደው፣ ያልወሰደው፣ የምክር ቤት አባል የተደረገው እየተባለ ጀማዓው በሦስት ሊከፈል ነው። ገዢው ፓርቲ ያገኘው ውጤት 3.6 ሚሊዮን ወንበር ነው። መስጊዳችን ውስጥ ሰፍ ተለያይቶ ከቆመ ግን ያንን ውጤት እኛው ነን የጨመርንለት። ተገዶ የተሰለፈ ሰው የትግላችን ጠላት ሊሆን አይችልም፤ ትግሉ ለእሱ ጭምር ነው። ጥሪያችንን ሰምቶ ለቀረ ሰው ክብር አለን፤ መቅረት ያስከፈለውንም እናውቃለን። ሆኖም የእሱ መቅረት ሌላውን የሚያዋርድበት ፈቃድ አልተሰጠውም።

አንዳንድ ወንድሞች "ይህን በይፋ መጻፍ ለካድሬ መሣሪያ መስጠት ነው" ብለውናል። ካድሬውማ ቀድሞ ያውቀዋል፤ ዝርዝሩ ያለው እሱ ዘንድ ነው። የማናውቀው እኛ ነን።

በእኛ በኩል የጀመርነው ትንሽ ነገር አለ። የመስጊዳችን የአስተዳደር ኮሚቴ ዘመኑ ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እኛም የመጅሊሱን እያነሣን የራሳችንን ረስተን ኖረናል። በመጪው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ በግቢው ውስጥ ይመረጣል። ዕጩ ማንም ያቀርባል፤ ከሰባቱ ቦታ ቢያንስ ዐሥራ አራት ስም ካልቀረበ ምርጫው አይጀመርም። ሴቶች በመስገጃቸው በኩል ወረቀት ይሰጣቸዋል፤ የእነሱን ወረቀት የሚሰበስቡትም እነሱው ናቸው። የቀድሞው ኮሚቴ መጀመሪያ ሒሳቡን፣ የቆርቆሮውንና የጉድጓዱን ውኃ ገንዘብ ጨምሮ፣ በጀማዓው ፊት ያወራርዳል። ወረቀቱ አንድ በአንድ ተገልጦ ስሙ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ አንዱ መምህር ሰሌዳ ላይ ጭረት ያደርጋል። ስም የሚያነበው ያ ካርድ የወሰደው አባት እንዲሆን ጠይቀነው፣ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር። ትናንት ትልቁ ልጁ ሱረቱን ነበእን ሊያሰማን ሲመጣ "አባዬ እሺ ብሏል፤ ግን መነጽር ፈልጉለት" አለን። መነጽር እያፈላለግን ነው።