ድልድይ የሚሠራ ሰው ልብንም ይወቅ

ብዙዎቻችን ትምህርታችንን ስንጨርስ መሐንዲስ ለመሆን እንመኛለን። እኔም አንዱ ነኝ። ነገር ግን መሐንዲስ የሚሆን ተማሪ ብረትና ድንጋይን ብቻ ሳይሆን የሰውን ልብና ደም ጭምር መማር አለበት ብዬ አምናለሁ። ምክንያቴንም በምሳሌ ላስረዳ።

በአሜሪካ አገር በሴንት ሉዊስ ከተማ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ያለው የኢድስ ድልድይ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1874 ተፈጸመ። የድልድዩን ምሰሶዎች ለማቆም ሠራተኞች ከታች ክፍት በሆነ ትልቅ ሣጥን ውስጥ ሆነው የወንዙን ወለል ይቆፍሩ ነበር። ውሃ እንዳይገባ ሣጥኑ በታመቀ አየር ይሞላል፤ በጥልቁም ስፍራ ግፊቱ በባሕር ጠለል ላይ ካለው ከ3 እጥፍ በላይ ነበር።

በእንዲህ ያለ አየር ውስጥ ደም ብዙ ኦክሲጅን ስለሚያገኝ የልብ ትርታ ይቀንሳል፤ የደም ሥሮችም ይጠባሉ። ይህስ ባልከፋ። ዳሩ ግን ናይትሮጅንም በደምና በስብ ውስጥ ይሟሟል። ሰውየው ቀስ ብሎ ቢወጣ በሳንባው በኩል ተንፍሶ ያስወጣዋል፤ ቸኩሎ ቢወጣ ግን የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት እንደምናየው አረፋ ይሆናል። አረፋውም የደምን መንገድ ይዘጋል፤ መገጣጠሚያን ያሳምማል፥ እግርን ሽባ ያደርጋል፥ ይገድላልም።

በዚያ ሥራ ከ10 የሚበልጡ ሠራተኞች በዚህ በሽታ ሞቱ። በኒው ዮርክ የብሩክሊን ድልድይ ሲሠራም ዋናው መሐንዲስ ዋሽንግተን ሮብሊንግ ራሱ በ1872 ታሞ ጤናውን አጣ። የሚያሳዝነው፥ በሽታው የሚመጣው ከግፊቱ ሲወጡ መሆኑን ሁለት የፈረንሳይ ሐኪሞች ገና በ1854 ጽፈው ነበር። ፈረንሳዊው ሊቅ ፖል ቤር የአረፋውን ምክንያት በ1878 አስረዳ፤ ጆን ስኮት ሆልዴንም ከባልደረቦቹ ጋር በ1908 ጠላቂዎች በየደረጃው እያረፉ የሚወጡበትን ሰንጠረዥ አወጣ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የአበው ተረት በሳይንስም ተረጋገጠ ማለት ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «የሰውነት ነገር የሐኪም ሥራ ነው» ይሉኛል። እኔ ግን አልስማማም። ሐኪም ብዙ ጊዜ የሚጠራው ሰው ከወደቀ በኋላ ነው፤ ሠራተኛው መቼ እንዲወርድና በስንት ደቂቃ እንዲወጣ የሚያዝዘው ግን የሥራው አለቃ ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ የሥነ ሕይወትን ትምህርት አንናቅ። ድልድይ ሲመረቅ እናጨብጭብ፤ አስቀድመን ግን የሠሩት ሰዎች በደኅና ወደ ቤታቸው መግባታቸውን እንጠይቅ።