አንድ ጠንካራ ወይስ ሁለት ርካሽ?



«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። እውነትነቱን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ማናቸውም ተረት የራሱ ቦታ አለው፤ ያለ ቦታው የገባ እንደ ሆነ ባለቤቱን ለኪሣራ ይዳርገዋል።

ይህን ለማለት ያበቃኝ አንድ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ነው። የእቁብ ዕጣ ደርሶት ለኮምፒዩተሩ ግራፊክስ ካርድ ሊገዛ አስቦ ኖሮ፥ «ጋሼ፥ አንድ ሻጭ ሁለት ያገለገሉ ካርዶች አቅርቦልኛል። ሁለቱ ተጣምረው የአንድ ጠንካራ ካርድ ሥራ ይሠራሉ፥ ዋጋቸው ግን ያንሳል ይለኛል። ልግዛ ወይስ ልተው?» ሲል ጠየቀኝ። የእቁብ ገንዘብ በየቀኑ እጅ የሚገባ አይደለምና ነገሩ ቀላል አልነበረም። ምናልባት አንተም በዚሁ ሐሳብ ላይ ትገኝ ይሆናልና፥ ለእርሱ የነገርኩትን እነሆ ላንተም እነግርሃለሁ።

በተለመደው መስታወት ላይ የምታየው አንድ ሥዕል 1920 በ1080፥ ማለትም ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት። የግራፊክስ ካርድ ሥራ የእነዚህን ነጥቦች ቀለም ማስላት ነው፤ ለጨዋታ ሲሆን ደግሞ ይህንኑ በሴኮንድ 60 ጊዜ ያህል መደጋገም አለበት። ሸክሙ ስለ ከበደ ሁለት ካርድ የማጣመር ሐሳብ መጣ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ስሪ.ዲ.ኤፍ.ኤክስ. የተባለው ኩባንያ «ቩዱ 2» በሚባለው ካርዱ አንዱ 1ኛውን፥ 3ኛውንና 5ኛውን መስመር ሲስል ሌላው 2ኛውን፥ 4ኛውንና 6ኛውን እንዲስል አደረገ። በ2004 ኤንቪዲያ «ኤስ.ኤል.አይ.»፥ በ2005 ደግሞ ኤ.ቲ.አይ. «ክሮስፋየር» የሚባለውን ማጣመሪያ አወጡ። በእነዚህ ብዙውን ጊዜ አንዱ ካርድ አንዱን ሥዕል፥ ሌላው ተከታዩን ይሠራ ነበር።

እንግዲህ በቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎችን አስብ። አንዱ ቢፈጥን ሌላው ቢዘገይ ትልሙ ይጣመማል። ካርዶቹም እንዲሁ ናቸው፤ በሴኮንድ የሚወጣው ሥዕል ቁጥሩ ቢበዛም አወጣጡ እኩል ስለማይሆን ዓይን መንቀጥቀጥ ያያል። ደግሞም ሁለቱ ያንኑ ዕቃ ይሸከማሉና ሜሞሪያቸው አይደመርም፤ 4 ጊጋባይት ያላቸው ሁለት ካርዶች ለጨዋታ ያው 4 ናቸው እንጂ 8 አይደሉም።

ከሁሉ የሚብሰው ግን አራሹ ማሳውን ትቶ መሄዱ ነው። ጨዋታው ለጥምሩ ካልተዘጋጀ ሁለተኛው ካርድ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ኤንቪዲያም ከጥር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ለአዳዲስ ጨዋታዎች የኤስ.ኤል.አይ. ዝግጅት መጨመሩን አቁሟል፤ በ2022 በወጡት አር.ቲ.ኤክስ. 40 ካርዶችም ላይ ማጣመሪያው ጨርሶ የለም። ስለዚህ ለጨዋታ ብለህ ጥንድ ካርድ አትግዛ።

ሆኖም ሥራ ሁሉ በቀንበር አይሠራም፤ በደቦ የሚሠራም አለ። በደቦ አጫጅ ሁሉ የየራሱን ድርሻ ያጭዳል እንጂ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ቀንበር አይሸከምም። በነፃ በሚገኘው ብሌንደር የሕንፃ ሥዕል ስታሠራ ሁለት ካርዶች ያለ ምንም ማጣመሪያ ሥራውን ይካፈሉታል፤ ጊዜውም ወደ ግማሽ ሊጠጋ ይችላል። ብቻ ሥዕሉ በሙሉ በእያንዳንዱ ካርድ ሜሞሪ ውስጥ ካልገባ ሥራው ይዘገያል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ ደግሞ አንዱን ትልቅ ሞዴል ከፍሎ ግማሹን በአንዱ፥ ግማሹን በሌላው ካርድ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። እዚህ ላይ ሜሞሪው እንደ ተደመረ ይቆጠራል፤ ነገር ግን አንዱ ሌላውን ስለሚጠብቅ ፍጥነቱ እጥፍ አይሆንም።

ወጪውንም አትርሳ። አንድ አር.ቲ.ኤክስ. 3060 እስከ 170 ዋት ይወስዳል፤ ሁለቱ 340 መሆናቸው ነው። ፓወር ሰፕላይህ ይችለዋል? ማዘርቦርድህስ ሁለተኛ ካርድ የሚገባበት በቂ ቦታ አለው? እነዚህን ለመለወጥ የሚወጣው ገንዘብ ከርካሹ ዋጋ ላይ ሲጨመር ርካሹ ውድ ይሆናል።

ተማሪውን፥ «ለመሆኑ ካርዶቹ ስንት ሜሞሪ አላቸው?» አልኩት።

«እያንዳንዳቸው 4። ሻጩ ግን 8 ነው ይላል።»

«የምትሠራውስ የሕንፃ ሥዕል?»

ጥቂት አሰበና፥ «ከ6 ያላነሰ ይፈልጋል» አለኝ። መልሱን ራሱ ሰጠ፤ ሥዕሉ ከአንዱም ካርድ ውስጥ አይገባም ነበርና።

በመጨረሻ 12 ጊጋባይት ያለው አንድ ካርድ ገዛ። የሁለተኛው ቦታ ግን በማዘርቦርዱ ላይ ክፍት ነው፤ ሥራው በዝቶ የሚቀጥለው ዕጣ ሲደርሰው ያን ጊዜ ደቦውን ይጠራል።

አንተም፥ አንባቢ ሆይ፥ ዋጋ ከመጠየቅህ በፊት ሥራህን ጠይቅ፤ ቀንበር ነው ወይስ ደቦ? ያንን ያወቅህ ዕለት ሻጭ አያታልልህም።

እስከ ሳምንት ደኅና ሰንብት።