ቀይ እስክሪብቶውን ለአንድ ሰዓት እናስቀምጠው

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይላሉ አበው። መቼም ይህን ተረት በፈተና ላይ "አብራሩ" ብንባል ሁላችንም ሙሉ ማርክ እናገኛለን። ስንኖር ግን የምንመራው በሌላ አባባል ነው፤ "ሆድ ይፍጀው" በሚለው። ሰው ይሞትብናል፣ ቤት ይፈርሳል፣ ከቀዬ እንፈናቀላለን። ጎረቤት መጥቶ አብሮን ያለቅሳል። ከዚያ "አይዞህ፣ እርሳው" ይባልና ወሬው ይዘጋል። ሆድ ግን ሁሉን ነገር አይፈጅም።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ነገር የገጠመኝ ሆሞሻ ወረዳ ውስጥ ለማስተማር ልምምድ፣ በእኛ አነጋገር ለ"ፕራክቲከም"፣ በወጣሁበት ጊዜ ነው። ለአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች "የማልረሳው ቀን" በሚል ርእስ አንድ አንቀጽ ጻፉ አልኳቸው። አብዛኞቹ ስለ ዒድ በዓልና ስለ ኳስ ጨዋታ ጻፉ። አንዲት ልጅ ግን በሌሊት ከቤታቸው ስለወጡበት ቀን ጻፈች። ከየት ተነስተው እንደመጡ አልገለጸችም። አያቷ መራመድ ስለማይችሉ አብረዋቸው እንዳልወጡ፣ ፋኖስ ይዘው በር ላይ ቆመው እንደቀሩ ብቻ ጽፋለች። እኔስ ምን አደረግሁ? ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁና "ፈኖስ" ብላ የጻፈችውን "ፋኖስ" ብዬ አረምኩ። አራት ነጥብ የረሳችባቸውን ቦታዎች አከበብኩ። ከአሥር ስድስት ሰጠሁና "ሥርዓተ ነጥብ ይስተካከል" ብዬ ጻፍኩበት። ደብተሯን ስትቀበለኝ ስድስቱን ልብ አላለችውም። "ቲቸር፣ አነበቡት?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። ዝም ብላ ወደ ቦታዋ ሄደች።

ያቺ ልጅ የፈለገችው አንባቢ ነበር፤ እኔ ግን ማርክ ሰጠኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቤ የሚመላለሰው ሐሳብ ይህ ነው፦ መጻፍ የተጎዳ ሰውን ያግዛል፤ የሚያግዘው ግን ማርክ የማይሰጥ፣ የማያጨበጭብና ከልቡ የሚያዳምጥ ሰው ሲገኝ ነው። በትምህርት ክፍላችን እንዲህ ያለ የጽሑፍ ቡድን ሊኖረን ይገባል ባይ ነኝ።

"የሥነ ጽሑፍ ክበብ አለ አይደል?" የሚል ይኖራል። አዎ፣ አለ። ግን እስቲ በየትምህርት ቤቱ ያሉትን ክበቦች እንመልከት። ግጥም የሚጻፈው ለዓለም የኤድስ ቀን፣ ለብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ ለወላጆች በዓል ነው። መድረክ ላይ ይነበባል፣ በሚኒ ሚዲያ ይሰማል፣ ይጨበጨባል፣ አለቀ። ይህን መናቄ አይደለም፤ እኔም ያደግሁት እዚያው ነው። ነገር ግን ስለ ኤድስ በግጥም ሕዝብ ሲመክር የኖረ ልጅ ስለ ገዛ ወንድሙ ሞት አንድ መስመር ሳይጽፍ ይመረቃል። ለተመልካች መጻፍን አስተምረነዋል፤ ለራሱ መጻፍን ግን ማንም አላሳየውም።

በአገራችን ሰዎች በመከራ ውስጥ ሆነው በጽሑፍ ዙሪያ ሲሰባሰቡ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ታሪክ አለ። ገጣሚውና ጋዜጠኛው ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚሼልን ዝነኛ ልቦለድ ወደ አማርኛ የተረጎመው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው። ወደ 3000 የሚጠጉት ቁርጥራጮች ከእስር ቤት ሾልከው ወጡና በኋላ "ነገም ሌላ ቀን ነው" በሚል ርእስ መጽሐፍ ሆኑ። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ይህን ያህል ወረቀት አንድ ሰው ብቻውን አያጠራቅምም፣ ብቻውንም አይደብቅም። ደግሞም ነቢይ በዚያ ወረቀት ላይ የጻፈው የራሱን ቁስል ሳይሆን የሌላ አገር ሰዎችን ታሪክ ነው። የተጎዳ ሰው ብዕር ሲያነሳ የግድ ከጉዳቱ መጀመር እንደሌለበት እኔ ከዚህ ተምሬያለሁ።

ነገሩ የታሪክ ወሬ ብቻ እንዳይመስል ጥናትም ልጥቀስ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጄምስ ፔነቤከር ከባልደረባው ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የኮሌጅ ተማሪዎችን ለአራት ተከታታይ ቀናት፣ በቀን ለ15 ደቂቃ አስጽፏል። በሕይወታቸው ስለደረሰ ከባድ ነገር የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት ተማሪዎች፣ ስለ ተራ ነገር ከጻፉት ይልቅ በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ጣቢያ መመላለሳቸው ቀንሶ ተገኘ። አንድ ያልተደበቀ ነገር ግን አለ፤ ጽፈው እንደጨረሱ ወዲያው ስሜታቸው ከፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ በርካታ ጥናቶችም ጥቅሙ እንዳለ፣ ሆኖም መጠነኛ እንደሆነ አሳይተዋል። ስለዚህ ተአምር አንጠብቅ።

ለእኛ አካባቢ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በኡጋንዳ በሚኖሩ የሱዳን ስደተኞች ላይ ተደርጎ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ነው። እዚያ ስደተኛው ሕይወቱን ከልደቱ ጀምሮ በቅደም ተከተል ይተርካል፣ አማካሪው ይጽፋል፣ መልሶ ያነብለታል፤ በመጨረሻ ጽሑፉ ለባለቤቱ ይሰጠዋል። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲታይ ከጦርነቱ የመጣው የመንፈስ ጭንቀት ያልለቀቃቸው በዚህ መንገድ ካለፉት ውስጥ 29 በመቶ ሲሆኑ፣ ሌላ ዓይነት ምክር ካገኙት ውስጥ ግን 79 በመቶ ነበሩ። ይህ በሠለጠነ ሰው የተሠራ ሕክምና እንጂ የክበብ ሥራ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ታሪክን በሥርዓት መጻፍና መልሶ መስማት ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ያሳያል።

ለምን ይህን አነሳሁ? የሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ የሚገኘው ሆሞሻ ወረዳ ነው፤ የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነው። በሱዳን ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከፈነዳ ወዲህ ደግሞ በኩርሙክ በኩል ብዙ ሰው ገብቷል። የእኛው ክልል ሰዎችም ቢሆኑ በ2013 ዓ.ም. በመተከል የሆነውን አይረሱትም። እኛ ተመርቀን የምንመደበው እንዲህ ያለ ታሪክ ይዘው ዴስክ ላይ የተቀመጡ ልጆች ወዳሉበት ክፍል ነው። ከመሃላችንም ይህንኑ ተሸክሞ ሌክቸር የሚከታተል አለ።

ተቃውሞ አይጠፋም። አንደኛው "ገመናን አደባባይ ማውጣት ነው" የሚለው ነው። ሥጋቱ እውነት ነው፤ በትንሽ ከተማ ውስጥ ማታ የተነገረ ጠዋት ቡና ላይ ይደርሳል። ሁለተኛው "እናንተ ሐኪም ናችሁ ወይ?" የሚለው ነው። አይደለንም። ሦስተኛው የቋንቋ ነገር ነው፤ አፉን በበርታኛ ወይም በጉሙዝኛ የፈታ ሰው ሐዘኑን በአማርኛ ጻፍ ቢባል ፊደል ሲለቅም ሐዘኑ ያመልጠዋል።

ሦስቱም ተቃውሞዎች ቡድኑ አይኑር አያሰኙም፤ ደንብ ይኑረው እንጂ። በበኩሌ የማቀርበው ይህ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት፣ ከአሥር የማይበልጡ ሰዎች ይሰብሰቡ። መጀመሪያ ስለ ቀላል ነገር ይጻፍ፦ ስለ ማንጎ ዛፍ፣ ስለ እናት ጀበና፣ ስለ መጀመሪያ የትምህርት ቀን። ከባዱ ነገር ባለቤቱ ሲፈልግ ይመጣል፤ ማንም ጎትቶ አያውጣው። እያንዳንዱ በሚቀናው ቋንቋ ይጻፍ። ማንበብ የማይፈልግ "ይለፈኝ" ይበል፤ ጽሑፉንም መቅደድ መብቱ ይሁን። እዚያ የተሰማ እዚያው ይቅር። እርማት፣ ማርክ፣ ውድድር አይኑር። እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ መኖር ሰልችቶኛል የሚል ሰው ከተገኘ ደግሞ "ጻፈው" ብሎ ማለፍ ነውር ነው፤ አብሮት ተነስቶ ወደ ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል።

ለዚህ ሁሉ በጀት አይጠየቅም። አንድ ባዶ ክፍል፣ ጥቂት ወረቀትና አፉን የሚጠብቅ ሰው ይበቃል። ከሦስቱ የሚቸግረው መቼም ሦስተኛው ነው፤ እሱን ደግሞ ተመርቀን ከመውጣታችን በፊት እዚሁ እንለማመደው።

ያቺን ልጅ ከዚያ በኋላ አላገኘኋትም፤ የልምምድ ጊዜዬ አለቀና ወደ ኮሌጅ ተመለስኩ። ዛሬ ደብተሯ እጄ ላይ ቢገባ ፋኖሱን አላርመውም። ከግርጌው "አንብቤዋለሁ። አያትሽ በር ላይ ቆመው ታዩኝ" ብዬ እጽፍ ነበር። ነጥቡ ሌላ ቀን ይደርሳል።

ቸር ይግጠመን!