ገብቶ ይፈትፍት



በአገራችን የጥበብ ምሳሌ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ምሳሌ ሁሉ ከጥበብ የተወለደ አይደለም፤ ከፍርሃት የተወለደም አለ፥ ከጭካኔ የተወለደም አለ። ሰው ከአባቱ አፍ የሰማውን ቃል ሁሉ እንደ ሕግ ስለሚቈጥረው፥ ክፉውን ምሳሌ ከደጉ ሳይለይ ለልጁ ያወርሰዋል። ከክፉዎቹም አንዱ «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» የሚለው ነው። ይህን ቃል በጽሕፈት ቤትም፥ በሸንጎም፥ በማኅበርም እንሰማዋለን፤ የሚናገረው ሰው ደፋር የመሰለውን ባልንጀራውን መገሠጹ ነው እንጂ ሕመምተኛውን ማሰቡ አይደለም። አለማሰቡ ግን በደሉን ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም፤ በዚሁ ከተማ ያን ቃል እንደ ድንጋይ የሚቀበል ሰው አለና። ስለዚህ የዛሬው ክርክራችን ከዚህ ምሳሌ ጋራ ነው፤ ክርስቲያን የተባለ ሰው በአፉም በሥራውም ሊይዘው እንደማይገባ ልናስረዳ እንወዳለን።

ነገሩን በሩቅ አገር አንፈልገውም፤ በአዲስ አበባ ምዕራብ በኮልፌ ቀራንዮ እናገኘዋለን። በ1920ዎቹ ዓመተ ምሕረት ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሐኪም ቤት ሲሠራ፥ ቦታው ከከተማው ውጭ ነበረ። ሐኪም ቤቱም በ1926 ዓ. ም. ባረፉት በልዕልት ዘነበ ወርቅ ኃይለ ሥላሴ ስም ተጠራ፤ ሰፈሩም ስሙን ከዚያ ወረሰ። በ1958 ዓ. ም. በዚያው ሥፍራ አለርት የሚባለው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ተቋም ቆመ፤ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ሐኪሞች እየመጡ ተማሩበት። ከየክፍለ ሀገሩ ለመታከም ከመጡት ሕሙማን ግን ብዙዎቹ ከደዌያቸው ሲድኑ በትውልድ ቀያቸው የሚቀበላቸው ስላላገኙ፥ በሐኪም ቤቱ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ቀሩ፤ በዚያው ወለዱ፥ በዚያው አረጁ።

ከተማውም ጥራጊውን የሚደፋበት ሥፍራ በፈለገ ጊዜ ሌላ አቅጣጫ አልታየውም፤ በዚያው አጠገብ ቆሼ በተባለው ቦታ ከ50 ዓመት በላይ ሲከምረው ኖረ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ. ም. ያ የጥራጊ ተራራ ተንዶ ከሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ወደቀ፤ ከ110 በላይ ሰዎችም ሞቱ። እንግዲህ ከተማው የሚጸየፈውን ሰውና የሚጸየፈውን ጥራጊ ባንድ ወገን አኖረ ብንል ስድብ አይደለም፥ ታሪክ ነው። የሰፈሩ ስም ወርቅ መዝነቡን ይናገራል፤ የዘነበበት ግን ሌላ ነው።

እስቲ ምሳሌውን በወንጌል ሚዛን እንመዝነው። በማቴዎስ ወንጌል በ8ኛው ምዕራፍ ጌታ ከተራራ በወረደ ጊዜ አንድ ለምጻም ቀርቦ ሰገደለት፤ ጌታም እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው፥ በቃሉም አነጻው። ከዚያው ምዕራፍ ወረድ ብሎ ደግሞ የመቶ አለቃውን ብላቴና ቤቱ ሳይገባ በቃል ብቻ ከሩቅ ፈወሰው። መተርጕማን እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኙ «ስለ ምን እንዲህ ሆነ?» ብለው ይጠይቃሉና እኛም እንጠይቅ። በቃል ብቻ መፈወስ የሚቻለው ጌታ፥ ያውም ሕግ ርኩስ ያለውን ሰው፥ ስለ ምን በእጁ ዳሰሰው? ለፈውሱ ብቻ ቢሆን መዳሰስ ባላስፈለገው ነበር። ያ ሰው ከፈውስ ሌላ የጐደለው ነገር ነበረ፤ ይኸውም የሰው እጅ ነው። ደዌው ሥጋውን፥ መገለሉ ግን ልቡን ጐድቶት ነበርና ጌታ ሁለቱንም ፈወሰለት።

ይህም ብቻ አይደለም። በ26ኛው ምዕራፍ ጌታ በቢታንያ በለምጻሙ በስምዖን ቤት ገብቶ በማዕድ ተቀመጠ። ምሳሌው ሕመምተኛው ወደ ጤነኛው ማዕድ እንዳይገባ ይፈራል፤ ወንጌል ግን የሕይወት ጌታ ወደ ለምጻሙ ማዕድ እንደ ገባ ይነግረናል። «ስምዖን አስቀድሞ ነጽቶ ነበር» የሚል ቢኖር፥ የዘነበ ወርቅም ሰዎች ታክመው ድነዋል ብለን እንመልስለታለን። በዚያው ምዕራፍ ደግሞ ከጌታ ጋራ በአንድ ወጭት እጁን ያጠለቀ ሰው ይገኛል፤ ደዌው ግን ከልቡ ነበር እንጂ ከእጁ አልነበረም። ስሙም ይሁዳ ነው። ጌታ ያን እጅ ስንኳ ከወጭቱ አልከለከለም።

አንዳንድ ሰዎች ግን «ኦሪት ለምጻሙን ከሰፈር አውጡት ትላለች» ይላሉ። ለነዚህ መልሳችን ሦስት ነው። አንደኛ፥ በኦሪት ዘሌዋውያን በ13ኛውና በ14ኛው ምዕራፍ ለምጽ የተባለው ነገር በልብስና በቤት ግድግዳ ላይም የሚወጣ ነው፤ ሥጋ ደዌ ግን ልብስና ግድግዳ አይዝም። ስለዚህ ሁለቱን አንድ አድርጎ መፍረድ አይገባም። ሁለተኛ፥ ኦሪት ማውጣትን ብቻ አላዘዘችም፤ ካህኑ ራሱ ከሰፈር ውጭ ሄዶ እንዲያየው፥ ቢነጻም በሥርዓት ወደ ወገኖቹ እንዲመልሰው አዘዘች። ምሳሌው ግን መውጫውን ብቻ ያውቃል፥ መመለሻውን አያውቅም። ሦስተኛ፥ ግያዝን ጠቅሰው «በዘር የሚወርድ ርግማን ነው» የሚሉ አሉ። ግያዝ የተቀጣው ብርና ልብስ ወድዶ በመዋሸቱ ነው፤ በግያዝ ታሪክ የሚፈራ ካለ ገንዘብ ወዳዱ ይፍራ እንጂ ድኻውን አያስፈራራበት። ደቀ መዛሙርትም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው «የማን ኀጢአት ነው?» ብለው በጠየቁ ጊዜ፥ ጌታ ከሰውየውም ከወላጆቹም ላይ ክሱን አንሥቷል።

«እኛስ የምንፈራው መተላለፉን ነው» ለሚሉት ደግሞ ሐኪሞች መልሰውላቸዋል። በ1873 ዓመት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አርማወር ሐንሰን የሚባል የኖርዌይ ሐኪም የደዌውን ምክንያት፥ በዓይን የማይታየውን ባክቴሪያ አገኘ፤ ዛሬም በአለርት አጠገብ ያለው የምርምር ተቋም በስሙ ይጠራል። እንግዲህ ርግማንም አይደለም፥ በዘር የሚወርድም አይደለም። የብዙው ሰው ሰውነት በተፈጥሮው ይከላከለዋል፤ የሚተላለፈውም ካልታከመ ሕመምተኛ ጋራ ለረዥም ጊዜ ተቀራርቦ በመኖር ነው እንጂ እጅ ለእጅ በመጨባበጥ ወይም አብሮ በመብላት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ዓመት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በመከረው የመድኃኒቶች ቅንጅት ደዌው በ6 ወይም በ12 ወር ይድናል፤ መድኃኒቱም ያለ ዋጋ ይሰጣል። መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ብዙ ሳይቈይ ማስተላለፉን ያቆማል። ከዳነ በኋላ በእጁና በፊቱ የሚታየው ምልክት የቀድሞ ቍስል ጠባሳ ነው፤ ጠባሳ ደግሞ አይተላለፍም።

ከዚህም በቀር ጣት እንዴት እንደሚጐድል ማወቅ ይገባል። መጀመሪያ በቆዳ ላይ የደበዘዘ፥ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ይወጣል። ያን ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ጣቱ ሳይጐድል ይድናል። የዘገየ ሰው ግን የስሜት ነርቩ ይሞትበታል፤ የጋለ ድስት ሲይዝ አይሰማውም፥ እሾህ ሲወጋው አያውቀውም፤ እጁም እግሩም በየጊዜው እየቈሰለ ይጐድላል። የሚያዘገየውስ ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ቆማጣ መባልን መፍራት ነው። እናት የልጇን ምልክት ጎረቤት እንዳያይባት በልብስ ትሸፍነዋለች፤ ጎልማሳው እጮኛው እንዳትሸሸው ይደብቃል፤ ተደብቆ ሳለም ነርቩ ያልቃል። ስለዚህ ጣት የሚቈርጠው ደዌው ብቻ አይደለም፥ ምሳሌውም ይቈርጣል። ሲቃጠል የማይሰማው እጅ በሽተኛ ከተባለ፥ ሌላውን ሲያቃጥል የማይሰማው አፍ ምን ይባላል?

«እኛ ምጽዋት አልነፈግናቸውም» የሚል ብዙ ነው። ምጽዋትን የሚንቅ ክርስቲያን የለም፤ ነገር ግን እጁ እንዳይነካው ሳንቲሙን ከላይ ጥሎ የሚያልፍ ሰው፥ ለድኻው ገንዘብ ሰጠው፥ ሰውነቱን ግን ነሣው። አልዓዛር በደጁ የተኛበት ባለጠጋ ድኻውን ከደጁ አባረረው ተብሎ አልተጻፈበትም፤ ጥፋቱ ደጁን ከፍቶ አለማስገባቱ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ ከተማ ዳር ለድኾችና ለሕሙማን ማረፊያ ሠራ፤ ደዌያቸው ከሰው የለያቸው ሰዎችም በዚያ ይረዱ ነበር። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት እንደ መሰከረለትም፥ ጳጳሱ እነዚያን ሕሙማን እንደ ወንድሞች እየሳመ ሰላምታ ይሰጣቸው ነበር። ቤት መሥራቱ ብቻውን ይበቃ ቢሆን ኖሮ መሳሙን ባላስፈለገው ነበር።

በቅዳሴ ጊዜ ምእመናን ሁሉ ከአንድ ጽዋ በአንድ ዕርፈ መስቀል ይቀበላሉ። ከዚያ ወጥቶ በቤቱ ለዘነበ ወርቅ ሰው የተለየ ስኒ የሚያኖር ሰው፥ ሃይማኖቱን በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ትቶት መሄዱ ነው። ስለዚህ ቸርነት ምን እንደ ሆነ በግልጥ እንናገር። አንተ ቤት የምታከራይ፥ የሰውየውን እጅ አይተህ «ተይዟል» አትበል። አንተ የእድር ዳኛ፥ ስሙን ከመዝገብ አታስቀር፤ ሲሞት መቅበር ብቻ ሳይሆን ሲያዝን አብረኸው ተቀመጥ። አንተ የማኅበር ሙሴ፥ ጽዋው ለእርሱም ይድረሰው። አንተ አሠሪ፥ ከጣቱ ቍጥር ይልቅ ሙያውን ጠይቅ። አንተ ወላጅ፥ የወላጆቿን ጠባሳ ምክንያት አድርገህ ልጂቱን ከልጅህ አታስቀራት። አባቶቻችን ካህናትም መስቀሉን ለጤነኛው ከግንባሩ፥ ለሕመምተኛው ከሩቅ አያድርጉት፤ ገብረ ክርስቶስ መርዓዊ በአባቱ ደጅ እንደ ለማኝ ተኝቶ እንደ ነበረ በጥቅምት 14 የሚያነብቡልን እነርሱ ናቸውና። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አያስወጣም፤ አስቸጋሪ የሆነውም ስለዚህ ነው፤ ሳንቲም ጥሎ ከማለፍ ይልቅ አጠገብ መቀመጥ ይከብዳልና።

ቀራንዮ ከኢየሩሳሌም ቅጥር ውጭ የነበረ ሥፍራ ነው። ጌታ ከበር ውጭ መከራ ተቀበለ፤ ሐዋርያውም ለዕብራውያን ሲጽፍ የእርሱን ነቀፌታ ተሸክመን ወደ እርሱ ወደ ውጭ እንድንወጣ ይመክረናል። የዛሬው የአዲስ አበባ ሰው ግን ለመውጣት ስንኳ አይደክምም፤ ከተማው ሰፍቶ፥ ገፍቶ ካስቀመጣቸው ሰዎች ደርሷል፤ ጎረቤትም ሆነዋል። መንገዱ አጥሯል፤ የቀረው በር መክፈት ነው። ምሳሌው «ገብቶ ይፈተፍታል» ብሎ ያስፈራራል፤ ክርስቲያን ግን በሩን ከፍቶ፥ እጅ አስታጥቦ፥ ሌማቱን አቅርቦ «ገብቶ ይፈትፍት» ይበል።