የደጋ ልብስ በድሬ ሕፃን ላይ

ግንቦት ሲገባ ድሬዳዋ ውስጥ ረፋዱ ሳይጋመስ አስፋልቱ ይግላል። ከዚራ በተባለው ሰፈር መንገደኛው የዛፍ ጥላ እየመረጠ ይሄዳል። ወንዱ ቤቱ ሲገባ ሽርጥ ያገለድማል፣ ሴቷም ስስ ቀሚሷን ትለብሳለች። በዚሁ ሰዓት ለ6 ሳምንት ክትባት በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወሰደው ሕፃን ግን ኮፍያ፣ ካልሲና ሹራብ ለብሶ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ፊቱም በነጠላ ተሸፍኖ ይታያል።

ማንም ለክፋት አላደረገውም። «ኧረ ደርቢለት አቦ፣ ብርድ ይመታዋል!» የምትለው ጎረቤት ለልጁ አስባ ነው። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 የባቡር ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የተሰባሰበባት ከተማ ናት። ከደጋ የመጣው ደግሞ አራስ የመጠቅለል ልማዱንም ይዞ ወርዷል። በደጋ ልማዱ ትክክል ነው፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን በብርድ ሊሞት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የማዋለጃ ክፍል ሙቀት ቢያንስ 25 ዲግሪ ይሁን የሚለው ለዚህ ነው። ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬ ግን በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያው ምክር እዚህ ሲደርስ ሊስተካከል ይገባዋል።

ጨቅላ ሕፃን እንደ ትልቅ ሰው በላብ ራሱን ማቀዝቀዝ አይችልም። ብርድ ልብሱን ገፎ አይጥልም፣ «ሞቀኝ» አይልም፤ ያለቅሳል፣ ወይም ይባስ ብሎ ይፈዝዛል። አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ ሽፍታ የሚወጣው ላቡ ታፍኖ ነው። ከመጠን ያለፈ ሙቀት እንቅልፍ ላይ ላለ ሕፃን ድንገተኛ ሞት ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ መሆኑም የታወቀ ነው።

እናቶችን በብዛት የሚያሳስተው የልጁ እጅና እግር ነው። ጤነኛ ሕፃንም መዳፉ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ መዳበስ ያለበት ማጅራቱና ደረቱ ነው። እዚያ ላይ ላብ ካለ ወይም ከጋለ አንድ ልብስ ይውለቅለት፣ ጥላ ቦታ ይሁን፣ ጡት ቶሎ ቶሎ ይሰጠው። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን በድሬ ሙቀትም ቢሆን ውኃ አያስፈልገውም፤ የጡት ወተቱ ይበቃዋል። ሰውነቱ 37.5 ዲግሪ ከደረሰ፣ ከፈዘዘ ወይም ጡት አልጠባ ካለ ግን ሐኪም ቤት ለመሄድ ማመንታት አያስፈልግም።

ታዲያ ራቁቱን ይዋል? እንዲህም አይደለም፤ የድሬ ነገር የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉኛ የተባሉ በትንኝ የሚተላለፉ በሽታዎች ገብተውባታል። በ2022 ደግሞ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚራባው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለው ትንኝ ወባ አስነስቶባታል። ዴንጊን የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን ትናከሳለች። በመሆኑም ሕፃኑ የቀን እንቅልፉንም አጎበር ውስጥ ቢተኛ ይሻላል፤ የሚለብሰውም ሰፋ ያለ፣ ስስ፣ እጅና እግሩን የሚሸፍን አንድ የጥጥ ልብስ ቢሆን ሙቀቱንም ትንኙንም ያስታርቃል።

እንዲህ ያለ ልብስ ከውጭ መምጣት የለበትም። ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰ ነጠላ ተቆርጦ ቢሰፋ ከውድ የናይለን ቱታ ይበልጣል። አራስ ጠያቂም ባለ ሱፉን ሙሉ ልብስ ትቶ ሁለት ስስ የጥጥ ሸሚዝ ይዞ ቢሄድ እናቲቱን በእውነት ይጠቅማታል። የጤና ባለሙያዎችም እናቲቱ ከወሊድ በኋላ ከመውጣቷ በፊት ስለ ጡትና ስለ እትብት እንደሚነግሯት ሁሉ፣ ልጁን በድሬ አየር እንዴት እንደምታለብሰው ማጅራቱን አስዳብሰው ሊያሳዩዋት ይገባል፤ አያቲቱም አብራ ብትሰማ መልካም ነው፤ ብርድ ልብሱን የምትደርበው ብዙ ጊዜ እሷ ናትና።