ፊቱን ታጥቦ የወጣ ሰው

የንባብ ክፍል፦ ዘፍጥረት 43፥29–34

ዮሴፍ ታናሽ ወንድሙን ብንያምን ሲያየው ሆዱ ባባ። በእንግዶቹ ፊት ማልቀስ ስላልፈለገ ፈጥኖ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባና በዚያ አለቀሰ። ከዚያ ፊቱን ታጥቦ ወጣ፤ ራሱንም ገትቶ ምግብ እንዲቀርብ አዘዘ። ማዕድ የቀረቡት አሥራ አንዱ ወንድሞቹ ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት ምን እንደ ሆነ አላወቁም።

ብዙዎቻችን እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምንመጣው እንዲሁ ፊታችንን ታጥበን ነው። በር ላይ «እንዴት ሰነበትክ?» ስንባል «ጌታ ይመስገን» እንላለን። ምስጋናው ትክክል ነው፤ ጌታ በሁሉ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ከምስጋናው ጀርባ ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ ወንድም አለ። በዝማሬ መካከል የምታለቅስ እኅት አለች፤ እኛ ግን «መንፈስ ነክቷት ነው» ብለን እናልፋታለን፤ ምን እንደ ገጠማት አንጠይቃትም።

እስኪ የዮሴፍን ዕድሜ እናስላ። ሲሸጥ የ17 ዓመት ልጅ ነበር (ዘፍ. 37፥2)። በፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ዓመቱ ነበር (ዘፍ. 41፥46)። ወንድሞቹ የመጡት ደግሞ ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አልፈው ራብ ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ በዚያ ክፍል ውስጥ ሲያለቅስ ከተሸጠ ቢያንስ 20 ዓመት አልፎታል። በመካከሉ ተሹሟል፣ አግብቷል፣ ወልዷል። የበኩር ልጁንም እግዚአብሔር መከራዬንና የአባቴን ቤት አስረሳኝ ሲል ምናሴ ብሎ ሰይሞታል። ምስክርነቱ እውነተኛ ነበር። ሆኖም ወንድሞቹ ሲመጡ ከፊታቸው ዘወር ብሎ አለቀሰ (ዘፍ. 42፥24)። በእግዚአብሔር የተባረከ፣ በሥራው የተሳካለት፣ በእምነቱም የጸና ሰው የልጅነት ቁስል ሊኖርበት ይችላል።

ይህን ዛሬ የሕክምና ሰዎችም በቁጥር ያሳዩናል። በ1998 እ.ኤ.አ. ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ የተባሉ ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። በካሊፎርኒያ ሳንዲያጎ ከተማ ለምርመራ የመጡ ከ9,500 የሚበልጡ ሰዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠየቋቸው፦ ትደበደቡ ነበር? ትሰደቡና ትዋረዱ ነበር? ተደፍራችኋል? እናታችሁ ስትመታ አይታችኋል? በቤታችሁ ሰካራም፣ የአእምሮ ሕመምተኛ ወይም የታሰረ ሰው ነበር? ከእነዚህ መከራዎች አራትና ከዚያ በላይ የደረሰባቸው ሰዎች ምንም ካልደረሰባቸው ጋር ሲነጻጸሩ ለመጠጥና ለአደንዛዥ ዕፅ ሱስ፣ ለድብርትና ራስን ለማጥፋት ሙከራ ያላቸው ተጋላጭነት ከአራት እስከ አሥራ ሁለት እጥፍ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። የልብ፣ የሳንባና የጉበት በሽታም መከራው በበዛ ቁጥር አብሮ ይበዛ ነበር።

ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። ሰው ሲደነግጥ ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ይረጫል፤ ልብ ይመታል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ስኳር ወደ ደም ይለቀቃል። ይህ ከአደጋ ለማምለጥ የተሰጠን አቅም ነው፤ አደጋው ሲያልፍም ይበርዳል። ስድብና ዱላ በማይጠፋበት ቤት ያደገ ልጅ ግን ሰውነቱ የሚያርፍበት ጊዜ አያገኝም። ሲያድግም ጭንቀቱን ለማስታገስ ወደ መጠጥ፣ ወደ ጫት፣ ወደ ሲጋራ የሚሄደው ብዙ ነው።

ይህ ማለት ግን በልጅነቱ የተጎዳ ሁሉ ተፈርዶበታል ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ተጋላጭነት ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ሥራ ደግሞ ከ300,000 በላይ ሰዎች የተካተቱባቸውን 148 ጥናቶች አንድ ላይ መርምሮ፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ትስስር ያላቸው ሰዎች ትስስራቸው ከደከመባቸው ይልቅ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ኅብረት ለነፍስ ብቻ ሳይሆን ለሥጋም ይጠቅማል።

ታዲያ ኅብረት ከቤተ ክርስቲያን በላይ ለማን ተሰጠ? የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ለተጎዱ ሰዎች የሚያስፈልገው ነገር በእጃችን አለ፤ ነገር ግን ሰዎች ፊታቸውን ታጥበው እንዲመጡ ስለምናስገድዳቸው አይደርሳቸውም።

«በክርስቶስ አዲስ ፍጥረት የሆነ ሰው ስለ ትናንት ምን ያወራል?» የሚል ይኖራል። እኔም በ2ኛ ቆሮንቶስ 5፥17 የተጻፈውን አምናለሁ፤ በክርስቶስ ያለ ሰው ኃጢአቱ ተሰርዮለታል፣ የእግዚአብሔርም ልጅ ሆኗል። ነገር ግን እግሩ ተሰብሮ ሳለ ጌታን የተቀበለ ሰው በማግስቱ ሲያነክስ ብናየው «አልዳንክም» አንለውም። ደግፈን ወደ ሐኪም ወይም ወደ ወጌሻ እንወስደዋለን። ልቡ ለተሰበረ ሰው ግን ያንኑ ያህል ትዕግሥት የለንም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ «ተፈውሰሃል፣ መድኃኒቱን ጣለው» የሚለው ቃል ነው። እግዚአብሔር ይፈውሳል፤ በድብርት ለታመመውም እጅ ጭነን እንጸልይ። ነገር ግን መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን ሊያባብስ፣ ሕይወትንም አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ጌታ ኢየሱስ ለምጻሙን ካነጻው በኋላ ሄዶ ራሱን ለካህን እንዲያሳይ ነግሮታል (ማቴ. 8፥4)። እውነተኛ ፈውስ ምርመራን አይፈራም።

ከእኛ ምን ይጠበቃል? አንደኛ፣ የተነገረንን ምስጢር እንጠብቅ። የወንድማችንን ጉዳት «የጸሎት ርዕስ» ብለን ከቤት ወደ ቤት ካዞርነው ዳግመኛ አፉን አይከፍትም። ሁለተኛ፣ ማይክሮፎኑን ያለፈለት ሰው ብቻ አይያዘው። «ገና እየታገልኩ ነው፣ ጸልዩልኝ» ማለትም ምስክርነት ነው። ሦስተኛ፣ ልጆቻችንን እናስብ። ሐዋርያው አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ ያሳስባል (ኤፌ. 6፥4)። በቤታችን ቁጣና ዱላ ዛሬ ሲቆም ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚመጣውን ሕመም እየቀነስን ነው።

አንተ በስውር የምታለቅስ ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ለጉባኤው ሁሉ ተናገሩ አልልም። ዮሴፍም ድምፁን ከፍ አድርጎ ከማልቀሱ በፊት ሌሎቹን ሁሉ አስወጥቶ ከወንድሞቹ ጋር ብቻ ቀርቷል (ዘፍ. 45፥1–2)። እግዚአብሔር ለመልካም እንደ ላከው የተናገረውም ካለቀሰ በኋላ ነው። ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ ሦስቱን ለይቶ ነፍሱ እጅግ እንዳዘነች ነገራቸው፤ ከእርሱ ጋር እንዲተጉም ለመናቸው (ማቴ. 26፥37–38)። እርሱ ኀዘኑን ካልደበቀ እኛ ለምን እንደብቃለን? በዚህ ሳምንት የምታምኑትን አንድ ሰው ፈልጉ። «እንዴት ናችሁ?» ሲላችሁም እውነቱን ንገሩት።

ጌታ ሆይ፣ በስውር ያለቀስነውን አንተ አይተሃል። እርስ በርሳችንም የምንተያይ አድርገን። አሜን።