ከመብራቱ ሌላ ቁርጭምጭሚትም ይብራ

አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ጨለማው ብዙ አያስጠብቅም። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ከጀምበር መጥለቅ በኋላ ዓይን ነገርን አጥርቶ የሚለይበት ጊዜ ከ20 ደቂቃ እምብዛም አይበልጥም። ያም አጭር ጊዜ የሚውለው ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ፣ ሠራተኛው ወደ ቤቱ በሚጣደፍበትና ታክሲና አውቶቡስ በሚጨናነቅበት ሰዓት ላይ ነው። በዚህ ሰዓት በብስክሌት የሚጓዘው ሰው እንዲበዛ ደግሞ ከተማዋ ራሷ ትፈልጋለች። መንገዶችን ለጊዜው ከመኪና ነጻ የሚያደርገው «መንገድ ለሰው» በ2011 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በኮሪደር ልማቱም የብስክሌት መስመሮች ተዘርግተዋል። ሜዳማዎቹ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ከብስክሌት ጋር ከተዋወቁ ደግሞ ቆይተዋል። ስለዚህ ብስክሌት ነጂ ከመብራት ሌላ ጎልቶ የሚታይ ልብስ ይልበስ ወይ የሚለው ጥያቄ የአውሮፓ ሰዎች ክርክር ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም። የእኔ መልስ «አዎ፣ ይልበስ» ነው። ነገር ግን ሲመሽ ከሁሉ የሚበልጠው ደረት ላይ የሚጠለቀው ቢጫ ሰደርያ አይደለም፤ እግር ላይ የሚታሰረው ጠባብ አንጸባራቂ ጥብጣብ ነው። ይህም በቅጣት የሚመጣ ነገር መሆን የለበትም።

«አንጸባራቂ ልብስ» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ደማቁ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ጨርቅ ዓይናችን የማያየውን የፀሐይ ጨረር ተቀብሎ በሚታይ ብርሃን መልሶ ስለሚሰጥ ቀን ላይ ከአካባቢው ሁሉ ፈንጠር ብሎ ይታያል። ደመና ባጠላበት የክረምት ቀንና ሲያመሻሽም ያገለግላል። ሌሊት ግን ጨረሩ ስለሌለ ይህ ጉልበቱ ይጠፋል፤ ከማንኛውም ነጣ ያለ ልብስ ብዙም አይሻልም። በላዩ የሚሰፋው ብርማ ጥብጣብ ሥራው ሌላ ነው፤ የመኪናውን መብራት ወደ መጣበት አቅጣጫ ይመልሰዋል። ነጭ ጋቢ ለብሶ በመንገድ ዳር የሚሄድ ገበሬ ጥቁር ኮት ከለበሰው ቀድሞ እንደሚታይ ማንም ሾፌር ያውቃል። ጋቢው ግን ያገኘውን ብርሃን በየአቅጣጫው ስለሚበትነው ለሾፌሩ ዓይን የሚተርፈው ጥቂቱ ነው። ጥብጣቡ ሳይበትን አብዛኛውን ብርሃን ለላኪው ስለሚመልስ በጣም ከሩቅ ያበራል። የትራፊክ ፖሊስና የመንገድ ሠራተኛ ሰደርያ ሁለቱንም አጣምሮ የያዘው አንዱ ለቀን፣ ሌላው ለሌሊት ስለሚያስፈልግ ነው። ሲመሽ ቢጫ ቲሸርት ለብሶ ተጠበቅሁ የሚል ሰው እንግዲህ ቀን የሚሠራውን ለሌሊት ለብሷል።

መብራት ካለ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ ጠንካራው ነው። እውነትም ከመብራት የሚቀድም ነገር የለም። ጥብጣብ የሚያበራው የመኪና መብራት ሲያርፍበት ብቻ ነው። ከመስቀለኛ መንገድ ጎን ብቅ ለሚል፣ ወደ ኋላ ለሚመለስ ወይም መብራቱን ሳያበራ ለሚነዳ ሰው ጥብጣቡ ምንም አይነግረውም፤ መብራት ግን በራሱ ይናገራል። በዴንማርክ ኦደንሴ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 በተጀመረ ሙከራ 3,845 ብስክሌተኞች ተሳትፈው፣ ቀንም ሌሊትም የማይጠፋ መብራት የተገጠመላቸው ከሌሎቹ 19 በመቶ ያነሰ አደጋ ደርሶባቸዋል። ስለ መብራት ጥቅም ክርክር የለኝም። ችግሩ መታየትና መለየት አንድ አለመሆናቸው ነው። አንዲት ትንሽ ነጥብ ብርሃን «እዚህ ነገር አለ» ትላለች፤ ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ አትናገርም። በሱቅ መብራት፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ፣ አሁን ደግሞ በየመንገዱ ዳር በተደረደረው የጌጥ መብራት መካከል የብስክሌት መብራት ከብዙዎቹ አንዱ ሆኖ ይዋጣል። ከፊት የሚመጣ መኪና ረጅም መብራት ከለቀቀ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል።

የሰው ዓይን ግን አንድ ነገር በፍጥነት ይለያል፤ የሰውን እንቅስቃሴ። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጉናር ዮሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት በሰዎች መገጣጠሚያ ላይ ትናንሽ ብርሃኖች አድርጎ በጨለማ ውስጥ አንቀሳቀሳቸው። ሰዎቹ ቆመው ሳሉ ተመልካቹ የሚያየው ትርጉም የለሽ የነጥቦች ስብስብ ነበር፤ መራመድ ሲጀምሩ ግን ወዲያው ሰው መሆናቸውን ለየ። ፔዳል የሚመታ እግር እንደዚያው ነው፤ ቁርጭምጭሚትና ጉልበት በተራ ከፍ ዝቅ ሲሉ በመንገድ ላይ ያንን የሚመስል ሌላ ነገር የለም። በአውስትራሊያ ጆአን ውድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2012 ባወጧቸው ጥናቶች ይህንኑ በሌሊት፣ ለትራፊክ በተዘጋ መንገድ ላይ ፈትነውታል። ጥቁር ልብስ የለበሰውን ብስክሌተኛ አሽከርካሪዎቹ የለዩት 2 በመቶ ብቻ ነበር። ደማቅ ቢጫ ሰደርያ ለባሹን 15 በመቶ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ለባሹን 50 በመቶ፣ በሰደርያው ላይ ቁርጭምጭሚትና ጉልበቱን በጥብጣብ ያሰረውን ደግሞ 90 በመቶ ለይተዋል። ብስክሌቱ ላይ መብራት መጨመሩ፣ ቋሚም ይሁን ብልጭ ድርግም የሚል፣ መለየትን አላሻሻለም። ከዚህ ተነሥቼ መብራቱ ይነቀል አልልም፤ የኦደንሴው ውጤት ያንን እንዳልል ያግደኛል። ግን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ «ምንድን ነው ያ?» በሚልበት ሰከንድና «ሰው ነው!» በሚልበት ሰከንድ መካከል ያለው ርቀት የሰው ነፍስ የሚያድርበት ርቀት ነው።

በተዘጋ መንገድ የታየው በእውነተኛ መንገድ ላይ ይሠራል ወይ? ለዚህም ዴንማርኮች የተሻለውን መረጃ ሰጥተውናል። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2013 በተካሄደ ሙከራ 6,793 ፈቃደኛ ብስክሌተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ገሚሶቹ ጥብጣብ ያለበት ደማቅ ቢጫ ጃኬት ተሰጣቸው። በዓመቱ መጨረሻ ጃኬት የለበሱት ከሌላ ተሽከርካሪ ወይም እግረኛ ጋር ተጋጭተው የመጎዳታቸው መጠን ከሌሎቹ 47 በመቶ ያነሰ ሆነ። ተመራማሪዎቹን የማከብረው ግን በዚህ ባለመደሰታቸው ነው። ጃኬት ለባሾቹ ብቻቸውን የወደቁበት አደጋም ከሌሎቹ አንሶ አገኙት፤ ጃኬት ደግሞ ሰውን ከመንሸራተት አያድንም። ስለዚህ ለባሾቹ አደጋቸውን አሳንሰው ሳያሳውቁ እንዳልቀረ ገምተው ቁጥሩን ወደ 38 በመቶ ዝቅ አደረጉት። የዴንማርክ ሾፌርና የዴንማርክ መንገድ የእኛ አይደለም፤ ቁጥሩ እንዳለ ወደዚህ ይሻገራል አልልም። ቢሆንም ግማሹ እንኳ ቢገኝ በአንድ ልብስ የሚገኝ ከዚህ የሚበልጥ ጥበቃ አላውቅም።

ከዚህ በተቃራኒ የሚጠቀሰው የእንግሊዛዊው ኢያን ዎከር ጥናት ነው። ሰባት ዓይነት ልብስ እየተቀያየረ ተለብሶ መኪኖች ብስክሌተኛውን ሲቀድሙ የሚተዉት ርቀት ተለካ። ሰውን በካሜራ እየተቀረጸ እንደሆነ ከሚያስጠነቅቀውና ፖሊስን ከሚጠቅሰው ሰደርያ በቀር ልብሱ ለውጥ አላመጣም፤ ምንም ቢለበስ ከመቶው አንድ ወይም ሁለቱ ሾፌሮች ከ50 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ርቀት አልፈዋል። ይህን ውጤት እቀበላለሁ፤ የሚመልሰው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። አይቶ የሚጋፋን ሾፌር ልብስ አያስተካክለውም። ልብስ የሚረዳው ቢያየው ኖሮ ይቆም የነበረውን ሾፌር ነው። ለመጀመሪያው መፍትሔው የተለየ መስመር፣ የፍጥነት ገደብና ቁጥጥር ነው። በተከለለ የብስክሌት መስመር ላይ የሚሄድ ሰውም መስመሩ ባለቀበትና መንገድ በሚያቋርጥበት ቦታ ሁሉ ከሁለቱም ዓይነት ሾፌሮች ጋር ይገናኛል።

እዚህ ላይ ከልቤ የምጋራው ሥጋት አለ። አንጸባራቂ ልብስን አጥብቀን ከመከርን ነገ የተገጨው ብስክሌተኛ «ምን ለብሶ ነበር?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ጥፋቱም ከገጪው ወደ ተገጪው ይዞራል። ለዚህ ነው ግዴታ የሚያደርግ ሕግን የምቃወመው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2008፣ ጣሊያን ከ2010 ጀምሮ ከከተማ ክልል ውጭ በጨለማ የሚጓዝ ብስክሌተኛ አንጸባራቂ ሰደርያ እንዲለብስ አስገድደዋል። የጣሊያንን የአደጋ መዝገብ የመረመረ ጥናት ሕጉ ብስክሌተኞች የሚገኙበትን አደጋ ሲቀንስ አላየም። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሕግ ቢወጣ ቅጣቱ የሚያርፈው ሌላ መጓጓዣ የመክፈል አቅም የሌለው ሰው ላይ ነው፤ አንዳንዱም ብስክሌቱን ጥሎ ይቀራል። ሰው ራሱን ለማዳን የሚያደርገው ሌላ ነው፣ ሾፌር ሌላውን ላለመግደል ያለበት ግዴታ ሌላ ነው። የአደጋ ሪፖርት የሚጽፍ ፖሊስም ሆነ የሚፈርድ ዳኛ የተጎጂው ልብስ ጥቁር መሆኑን ለሾፌሩ ማቅለያ ሊያደርገው አይገባም። በአንጻሩ ብስክሌት የሚያከራዩ ድርጅቶችና ብስክሌት የሚሸጡ ነጋዴዎች መብራትና ሁለት ጥብጣብ ከብስክሌቱ ጋር አብረው ቢሰጡ የማንም መብት ሳይነካ ልማዱ ይሰርጻል።

ወጪም ቢሆን ትልቅ እንቅፋት አይደለም። ሙሉ ጃኬት ውድ ነው፤ ቀን ለሚሞቀው ለሐዋሳ አየርም አይመችም። ጥብጣብ ግን በሴንቲ ሜትር የሚለካ ነገር ነው፤ ለመንገድ ሠራተኞች ሰደርያ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ሁሉ ያውቀዋል፣ በማንኛውም ሱሪ ጫፍ ላይም ሊሰፋው ይችላል። ብዙ ብስክሌተኛ ሱሪው በሰንሰለቱ እንዳይያዝበት የቀኝ እግሩን ጫፍ በላስቲክ ያስራል ወይም ካልሲው ውስጥ ይከትተዋል። ያ ላስቲክ በአንጸባራቂ ጥብጣብ ይቀየር፤ ለግራ እግሩም አንድ ይጨመርለት።